የመኺናው አጽም

ከሱዳን ቅድስት አገር በገባን በዓመቱ ያቭነ ከተማ ላይ መኺና የሚሉትን፣ ለነርስነት የሚያሰናዳውን ትምህርት እማር ነበር። ለፈተና ላጠና ብዬ የክፍላችንን የፕላስቲክ አጽም ተዋስኩ። መምህሯ በማግስቱ ጠዋት እንድመልሰው አስጠንቅቃኛለች። አውቶቡስ ላይ ታቅፌው ቂርያት መላኺ፣ የምኖርበት አጎቴ ቤት ደረስኩ።

አጎቴ በር ላይ ቆመው አላስገባ አሉኝ።

«ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ቤት አይገባም።»

«አጎቴ፣ ይኼ እኮ ፕላስቲክ ነው።»

«የማን ልጅ ነበር?»

«የማንም። ፋብሪካ ነው የሠራው።»

ፊታቸው በሐዘን ጠቆረ። «ወይኔ፣ ዘመድ እንኳ የለውም።»

አጽሙን ደጅ ላይ ትቼ ጎረቤት አደርኩ። ጠዋት ስመለስ የለም። አጎቴና የሰፈሩ ሽማግሌዎች እጃቸው አፈር በአፈር ሆኖ ውጭ ተቀምጠዋል።

«አጽሙስ?» አልኩ።

«ቀብረነዋል» አሉ አጎቴ። «እኛም ሰባት ቀን ቤት አንገባም፣ ቤሰደር፣ እሺ ይሁን። ተዝካሩን ግን የምታወጪው አንቺ ነሽ።»