ከመጽሐፉ የደረሰኝ ድርሻ

በዋግ ኽምራ ምድር የገበሬን ስም መጀመሪያ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባሁ ሰው እኔ ነኝ። ከተከዜ አፋፍ እስከ ደጋው ጫፍ፣ መሬት አለኝ የሚል ሁሉ በእጄ አልፏል። በአንዲት ጣቴ ሺህ ሰው ጠርቼ፣ በአንዲት ጣቴ ሺህ ሰው የማሰናብት ነበርኩ። ይህን ሰቆጣ ውስጥ ለሰማኝም ላልሰማኝም ሳወራ ኖሬያለሁ። የማላወራው አንዲት ሴትዮ በጣቴ ሳይጠሩ መቅረታቸውንና ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው መጥተው ፊቴ መቆማቸውን ነው።

የመሬት ይዞታ ደብተር የሚታደልበት ጊዜ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ ማለቂያ። እኔ መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ቀን ኮምፒውተር መጣና "አንተ ለነገር ፈጣን ነህ" ተብዬ ከፊቱ ተጎለትኩ። ከዛሬ ጀምሮ የገበሬውን ስም ታስገባለህ፣ ሪፖርት ታወጣለህ፣ ለመሥሪያ ቤቱም ድረ ገጽ ትሠራለህ ተባልኩ። ማን ያስተምርሃል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። በሬ የማያውቅን ሰው እንኳ ወደ እርሻ ሲልኩት ሞፈሩን ከየት እንደሚይዝ ያሳዩታል እኮ!

አሠልጣኝ ተላከልን ደግሞ። ሁለት ቀን ቆየ። አንደኛውን ቀን መብራት አልነበረም፤ በሁለተኛው ቀን መብራቱ ሲመጣ እሱ ለመሄድ ሻንጣውን ይዞ ነበር። "ይሄ እኮ ቀላል ነው" እያለ አንድ ሲዲ አስጨበጠን። ማሽናችን ሲዲ የሚገባበት አፍ የለውም አልነው።

"ችግር የለም፣ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ" አለን።

ኢንተርኔት! በዚያን ጊዜ ሰቆጣ ላይ ኢንተርኔት ማለት የስልክ ሽቦ ነው። የአስተማሪው ፎቶ ከግንባሩ ጀምሮ ይወርዳል፤ ቁርስ በልቼ ስመለስ ቅንድቡ ላይ ደርሷል፤ አፉ ጋ ሳይደርስ መስመሩ ይቋረጣል። አፍ የሌለው አስተማሪ ምን ያስተምረኛል? ድረ ገጹንም ቢሆን ሠርቻለሁ፤ የሚያየው ሰው ስላጣሁ አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

በመጨረሻ አንድ መጽሐፍ መጣ። አንድ! ለሰቆጣ፣ ለአምደወርቅ፣ ለጽጽቃና ለአበርገሌ፣ ለአራታችንም ወረዳ አንድ። ውፍረቱ ግን በቅሎ የሚያጎብጥ ነበር። ድረ ገጽ መሥራት፣ ዳታቤዝ ማዘጋጀት፣ ሪፖርት ማስዋብ፣ ሁሉም አለበት። ምሳሌው በሙሉ ስለ አንድ ሱቅ ነው፤ ሱቁ የሚሸጠው በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ጫማ ነው። አበርገሌ ላለው ባልደረባችን፣ በዚያ ፀሐይ እንቁላል ድንጋይ ላይ ለሚጠበስበት ሰው፣ የበረዶ ጫማ! ይህን የጻፉትን ሰዎች ባገኛቸው ጫማቸውን አስወልቄ ተከዜ ዳር ነበር የማስሮጣቸው።

የአምደወርቁ ባልደረባዬ የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። "ምን ያስጨንቃል?" አለ። "እኛ ዜማውን ከአንዱ መምህር ደጅ፣ ቅኔውን ከሌላው ደጅ ሄደን አይደል የተማርነው? መጽሐፉን እንክፈለው። ሁሉም የደረሰውን ይያዝ፤ ያልደረሰውን ካለበት ሄዶ ይማር።" በምላጭ ከአራት ቆረጥነው። ዕጣ ተጣጣልን። ለእኔ የመጀመሪያው ክፍል ደረሰኝ።

"የጀማሪ ነው" ብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ወረወርኩት። የሌሎቹን ሦስት ክፍሎች በየሚኒባሱ ረዳት እጅ እያስላክሁ፣ አንዳንዱንም በእግሬ ሄጄ እያየሁ ሥራዬን ጀመርኩ። የአምደወርቁ ሰው ያንተን ላክልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ለመነኝ። "አይጠቅምህም፣ የልጆች ነው" አልኩት።

ከየቀበሌው በእስክሪብቶ የተጻፈ መዝገብ ይመጣልኛል። የቀበሌው ኮሚቴ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ቁጥር ጽፎበታል። ቁጥሩ የሪፖርቴን መልክ አስቀየመብኝ። አወጣሁት። ስሙ ፊተኛ ሆነ። መጽሐፉ ላይ ባለው ሥዕል ከፊተኛው መስመር ጎን ትንሽ የቁልፍ ምስል ነበረች፤ እኔም ከስሙ ጎን አደረግኋት። አማረ። አንዳንድ ስም ስጽፍ ማሽኑ በእንግሊዝኛ የሆነ ረዥም ነገር ይነጫነጫል። "እሺ፣ እሺ" ብዬ ስሙን እሰርዝና ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

ሴትዮዋ የመጡት ሐሙስ ጠዋት ነው። ጊዜያዊ ወረቀታቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

"ልጄ፣ ከዚህ ተልኮ ቀበሌው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ስሜ የለም። የባሌ ወንድም 'ስምሽ የለም፣ መሬቱም የለሽም' ብሎ በሬውን ጠምዷል። ዝርዝሩ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማኛል?"

ማሽኑን ጠየቅሁት። ደረቴን ነፋሁ። "እማማ፣ አሉ እኮ! ይኸው፣ ስምዎ ከነአባትዎ!"

"መሬቴ የት ነው ይላል?"

"ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ።"

"ያቺ ላይኛዋ ናት። እኔ ታችኛዋ ነኝ።"

"ስሙ ግን አንድ ነው።"

"አንድ ነዋ! ታቦታችን አንድ፤ በታቦቱ ስም ያልተጠራ አባትም ልጅም የለን። ታዲያ ስማችን አንድ ሆነ እንጂ እርሻችን አንድ ሆነ?"

"እማማ፣ ማሽኑ ሁለታችሁን አንድ አድርጓችኋል።"

"አንድ የሚያደርግስ ቄስ ነው፤ እሱም ወንድና ሴት ሲመጡለት ነው" አሉና በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንጋ የሆነ ነገር አጉተመተሙ። ምርቃት አልመሰለኝም።

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀታቸው ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር በጣታቸው መቱት። "ፊደል አላውቅም፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ። ኮሚቴዎቹ ስማችን እንደሚምታታ ስለሚያውቁ ነው ይህን የሰጡን። የት አደረስከው?"

ያስቀየመኝ ቁጥር! ተናድጄ ስልክ አነሳሁና አምደወርቅ ደወልኩ። በመጽሐፉ ጸሐፊዎች፣ በአሠልጣኙ፣ በበረዶ ጫማው ላይ ያለኝን ሁሉ አወረድኩት። "ስም ብቻውን ሰውን ከሰው እንደማይለይ፣ ቁጥር እንደሚያስፈልግ፣ ይህን ሁሉ ገጽ ሲጽፉ አንድ መስመር መጨመር ያቅታቸዋል?" ብዬ ጮህኩ።

"አንተ ሰውዬ፣" አለ ባልደረባዬ፣ "የመጀመሪያው ክፍል አንተ ጋ አይደለም እንዴ?"

መሳቢያውን ሳብኩ። ከደረቀ እስክሪብቶና ከአሮጌ የደመወዝ ቅጽ ሥር ነበር፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገዛልኝ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም እዚያው፣ ከነፕላስቲኩ። ቃል በቃል እየፈታሁ ሄድኩ። በስድስተኛው ገጽ ላይ፣ በደማቁ ተጽፏል፦ ስም ይደጋገማል፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጥ፤ ቁልፍ ያለበትን ነገር ማሽኑ ሁለቴ አይቀበልምና ቁልፉን ከቁጥሩ አድርግ። የአንድ ቀበሌ ኮሚቴ ያለ መጽሐፍ ያወቀው ነገር።

ቁጥሮቹን መልሼ ያንን ቀበሌ እንደገና ጻፍኩት። ማሽኑ አልተነጫነጨም። የሰረዝኳቸው ሰዎች ተራ በተራ ሲመለሱ ሳይ፣ አንድ የሰርግ ዳስ የሚሞላ ሰው ነበር። ሴትዮዋ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ቢሮው ሳይዘጋ አዲሱ ዝርዝር ታተመ፣ ማኅተም ተደረገበት። ወረቀቱን ተቀብለው ስሙን አላዩም፤ ጣታቸውን ቁጥራቸው ላይ አድርገው ከያዙት ጋር አስተያዩት።

"ይህ እኔ ነኝ" አሉ። ዓርብ ማለዳ ዝርዝሩን ይዘው መንገድ ገቡ። እሁድ ዝርዝሩ ሲነሳ ስማቸው ነበረበት፤ የባላቸው ወንድምም በሬውን ፈታ።

ሲዲውንና መጽሐፉን በላኩብን ሰዎች ላይ ያለኝ ንዴት ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። አፍ ለሌለው ማሽን ሲዲ መስጠት፣ ለአራት ወረዳ አንድ መጽሐፍ፣ ያውም በሰው አገር ቋንቋ፣ ነውር ነው፤ ነውር ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ያንን ክፍል "የልጆች ነው" ያልኩት ንቄው አልነበረም። እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም። መዝገበ ቃላቱንም ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው ያልከፈትኩት። ዳታቤዙን፣ ሪፖርቱን፣ ድረ ገጹንም የሠራሁት የመጽሐፉን ሥዕሎች እያየሁ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሥዕል አልነበረውም።