ምሥራቅ አፍሪካ የሚሏት ሴት

ምሥራቅ በፍልሰታ ምህላ መካከል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ስለ ቻድ!» ያለች ቀን፣ የዋልካው ሚካኤል እግዚኦታ ተደነቃቀፈ። ቄስ ዓለምብርሃን መስቀላቸውን እንደያዙ ዞር አሉ። ከሴቶቹ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። እሷ ግን ዓይኗን እንደጨፈነች «ስለ ኮንጎ! ስለ ሱዳን! ስለ ደቡብ ሱዳን!» እያለች ቀጠለች። ሳምንት ሳይሞላ አገሩ ሁሉ ስም አወጣላት፤ «ምሥራቅ አፍሪካ»።

ቄስ ዓለምብርሃን ከምህላው በኋላ ለብቻዋ ጠሯት።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር ከወዴት የመጣ ነው? ቤተ ክርስቲያን እንደሆነች ስለ ዓለም ሁሉ ትጸልያለች።»

«አውቃለሁ አባ። ግን ዓለም ሰፊ ነው። በስሙ ያልተጠራ ሰው አቤት ይላል?»

ቄሱ «እንግዲያው ድምፅሽን ቀንሰሽ» ብለው አሰናበቷት።

ዋልካው ከቡሬ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው፤ በርበሬና በቆሎ የሚያበቅል አገር። ምሥራቅ እዚያው ተወልዳ እዚያው ተዳረች። ባሏ ሲሞትባት በሠላሳ አራት ዓመቷ በመተማ በኩል ሱዳን ገባችና ካርቱም፣ ዴም የሚሉት ሰፈር፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሻይ ሸጠች። ከአጠገቧ ኛንዴንግ የምትባል ረጅም የደቡብ ሱዳን ሴት ኦቾሎኒ ትቸረችር ነበር። አርብ ከሰዓት ገበያው ሲቀዘቅዝ ኛንዴንግ ጠባብ ክፍሏ ውስጥ ሴቶች ትሰበስባለች፤ ኤርትራዊት፣ ኮንጓዊት፣ ከቻድ የመጣች አንዲት አሮጊት። ተንበርክከው መዳፋቸውን መሬት ላይ ያሳርፉና የአፍሪካን አገሮች አንድ በአንድ እየጠሩ «ያ ረብ፣ ጌታ ሆይ፣ አንድ አድርገን፣ ልባችንን አድሰው» ይላሉ። የኛንዴንግን ሁለት ወንድሞች የገደሏቸው የጎረቤት ጎሣ ሰዎች ነበሩ። ጸሎቱን ስትጀምር መጀመሪያ የምትጠራው ግን የዚያን ጎሣ ስም ነው።

ምሥራቅ ወራት ሙሉ በሩ ላይ ቆማ አየች። «እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ የናንተን አላውቀውም» አለቻት አንድ ቀን።

«ቁሚ ታዲያ» አለች ኛንዴንግ። «ቆሞም ይጸለያል።»

እንዲሁ በር ላይ እንደቆመች የአገሮቹን ስም ሁሉ በጆሮዋ ተማረች። ማንበብ አትችልም።

ሚያዝያ ሰባት ቀን ቅዳም ሥዑር ነበር። ምሥራቅ ከቤተ ክርስቲያን የታደለችውን ቄጠማ ግንባሯ ላይ አስራ ስትመለስ ሰማዩ ተቀደደ። የጦር አውሮፕላን ከጣሪያ በላይ ሲያልፍ መስኮቱ ሁሉ ረገፈ። ፋሲካ በጨለማ ቤት ውስጥ ዋለ። መብራት ጠፋ፣ ውኃ ቆመ፣ መንገዱ ላይ የወደቀ ሬሳ የሚያነሳው አጥቶ ያብጥ ጀመር። በአራተኛው ቀን ኛንዴንግ ጀሪካን ይዛ ወጣች። «ከቧንቧው ድረስ ነው» አለች። የከባድ መሣሪያው ጥይት የወደቀው ቧንቧው ዘንድ ነበር።

ምሥራቅ ስትደርስ ጀሪካኑ ደኅና ነበር። ኛንዴንግ ግን ከወገቧ በታች አልነበረችም። ከኮንጓዊቷ ጋር ሆነው በአንሶላ ሰበሰቧት፤ ግቢው ውስጥ በወጥ ቤት ቢላና በትሪ ጉድጓድ ሲምሱ ዋሉ። አፈሩ ደርቆ ነበር፤ ጥፍራቸው ተነቀለ። የሚፈታት ካህን አልነበረም። ምሥራቅ አቡነ ዘበሰማያት ልትል አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ነው፤ «ስለ ቻድ፣ ስለ ኮንጎ…»። ኮንጓዊቷ ተቀበለቻት። ሁለቱም እስኪደክማቸው ጠሩ።

ድንበሩ አጠገብ ገዳሪፍ ለመድረስ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀባት። መንገድ ላይ የታጠቁ ሰዎች መኪናውን አስቁመው ሁለት ወንዶች አወረዱና ከጎማው አጠገብ ረሸኗቸው፤ ደማቸው እሷ ቀሚስ ላይ ተረጨ። በሰኔ ዋልካው ስትገባ ታናሽ እህቷ ሰብለ እግሯ ላይ ወድቃ አለቀሰች። በነሐሴ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

የሰብለ ባል ገነነ በጥቅምት ዛላ በርበሬ ሲለቅም ተመታ። ሁለት ወገን ሲታኮስ በመካከል የወጣች ጥይት ናት። ከማን እንደወጣች የሚያውቅ የለም። ጉሮሮውን በስታ ስለገባች መጮህ እንኳ አልቻለም፤ ሰብለ የደረሰችው በርበሬው መካከል ሲንፈራገጥ ነው። ልጁ አንዷለም ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ በጥር ሊያገባ ቀን ተቆርጦለታል። አባቱን ከቀበረ በኋላ ሠርግ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። ዱላ ይዞ ዋለ፣ ከጓደኞቹ ጋር መንገድ ጠበቀ። «አባቴን ያስገደለው ሰላይ ነው፤ ቦታውን የጠቆመ አለ» ይላል። ምሥራቅ በምህላ ላይ አገር ስትጠራ ሲሰማም ይቆጣ ጀመር።

«እተቴ፣ የኛ ሬሳ አልበቃ ብሎሽ ነው የሰው አገር ሬሳ የምትቆጥሪ?»

«ሬሳ አልቆጥርም፣ አንዷለሜ። ሰው ነው የምጠራ።»

ዓመት ዞሮ ፍልሰታ እንደገና ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ የዋልካው ገበያ ቆሞ ነበር። ምሥራቅ የሰብለን በርበሬ ጆንያ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ከጨው ተራ በኩል ጩኸት ተነሣ። መንገዱ ለመኪና ስለተዘጋ ከአስፋልቱ በእግሩ የገባ አንድ የማይታወቅ ወጣት ተይዟል። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ። አማርኛ አይሰማም። ስልኩን ቀምተው ሲከፍቱት ካርታ አገኙበት።

«ካርታ አለው! ሰላይ ነው!»

የመጀመሪያው ድንጋይ ትከሻውን ነው ያገኘው። ሁለተኛው ጥርሱን። ምሥራቅ ከተቀመጠችበት ሆና የሰውን ጀርባ እንጂ ሌላ አታይም። የሰማችው ግን አንድ ቃል ነው፤ «ያ ኡሚ! ያ ኡሚ!» በአረቢኛ እናቴ ማለት ነው። በዚያ ገበያ ያን ቃል የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

በርበሬውን ጥላ፣ ሰው በክርኗ እየገፋች ገባች። ልጁ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ጆሮው ተቀዶ ተንጠልጥሏል። ላዩ ላይ ተኛችበት።

«አትምቱት! ስደተኛ ነው! ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ነው!»

«ምን እንደሚል በምን አወቅሽ?»

«ቋንቋውን አውቀዋለሁ! እናቱን ነው የሚጠራ!»

«አንችስ ከዚያው አይደል የመጣሽ?» አለ አንዱ። «አብራ ናት! ምሥራቅ አፍሪካ!»

ድንጋይ ጀርባዋን መታት፤ ሌላ ዳሌዋን። ራሱን ለመከለል ቀኝ ክንዷን ዘረጋች። ዱላው ያኔ ወረደ፤ አጥንቷ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ሆኖ ተሰማ። ቀና ስትል ያየችው አንዷለምን ነው። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ አላወቃትም። ዱላውን ደግሞ አነሣ፤ ይኼኛው ከክንዷ አልፎ የልጁ ራስ ላይ አረፈ።

ስሙን ጠርታ መለመን ትችል ነበር። የወጣላት ግን «እግዚኦ!» የሚል ጩኸት ነው።

ከጨው ተራ አንዲት ሴት፣ አስካለ ማርያም፣ «መሐረነ ክርስቶስ» አለች። ሳምንት ሙሉ ጧት ማታ ሲሉት የሰነበቱት ነው፤ አፏ ሳታዝዘው ተናገረ። ምሥራቅ ደገመች፤ «እግዚኦ!» አሁን አምስት ስድስት ሴቶች ተቀበሉ። ከዚያ ሃያ። ከዚያ በርበሬ የሚሸጡት፣ እህል የሚሰፍሩት፣ ሽማግሌዎቹ። ድንጋይ የያዙት ወንዶች ባሉበት ቆሙ፤ አንዱ ድንጋዩን በቀስታ መሬት ላይ አኖረው፤ ሌላው ጥሎት ሮጠ። ልጁ ደሙ በምሥራቅ ቀሚስ ላይ እየፈሰሰ ያቃስታል። አርባ አንድ እግዚኦታ እስኪሞላ አላቆሙም።

አንዷለም ያን ጊዜ አየ፤ ከዱላው ሥር ያለችው አክስቱ መሆኗን።

በጋሪ ቡሬ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። የልጁ ራስ ቅል ተሰንጥቆ ነበር። በሁለተኛው ቀን ለጥቂት ጊዜ ነቃ። ስሙ አደም እንደሆነ፣ ሱዳን ውስጥ ጀኒና ከሚባል ከተማ እንደመጣ፣ ሦስት ወንድሞቹ እዚያ በአንድ ቀን እንደታረዱ፣ መተማ አጠገብ ባለው መጠለያ አንዲት አክስት እንደቀረችው፣ አዲስ አበባ ገብቶ ሥራ ሊፈልግ እንደነበር ነገራት። «እዚህም አረቢኛ አለ?» ብሎ ጠየቃት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። የቡሬ ሙስሊሞች ገንዘው ቀበሩት። ምሥራቅ ክንዷ በጣውላ ታስሮ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆማ አለቀሰች።

በዚያ ሰሞን ዋልካው ላይ ዳኛ የሚባል አይደርስም። ሽማግሌዎች ግን ደም እንዲሁ አይተውም ብለው በመስከረም ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጡ። አንዷለም ማንም ሳይጠራው መጣና ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ አለ።

«ሌሎችም መትተዋል» አሉ የሽማግሌዎቹ ራስ አያ ሀይሉ። «ለምን ብቻህን መጣህ?»

«የገደለው ዱላ የኔ ነው። አውቀዋለሁ። እጄ ላይ ተሰምቶኛል።»

«ከማን ጋር ትታረቃለህ ታዲያ? ሟች ወገን የለው።»

ምሥራቅ ከሴቶቹ ተነሥታ በሟች ወገን በኩል ባዶውን በተተወው ቦታ ሄዳ ተቀመጠች።

ሰብለ ጮኸች። «እታለም! ልጄ ነው! በጀርባሽ ያዘልሽው ልጄ ነው!»

«አውቃለሁ። የሞተውም የሰው ልጅ ነው። ተቀማጭ ያስፈልገዋል።»

አያ ሀይሉ ሦስት ጊዜ ስለ ሚካኤል ብለው ለመኗት። ሦስቱንም እንቢ አለች። ድንጋዩ አንዷለም ትከሻ ላይ ነበር። ሄዳ ልታወርድለት ልቧ ተነሥቶ ነበር፤ ግን ጸንታ ተቀመጠች። በኋላ ለቄስ ዓለምብርሃን እንደነገረቻቸው፣ ያን ጊዜ እግዚአብሔርን ሳይሆን ኛንዴንግን ነው የፈራችው።

«ምን ይሁን ትያለሽ ታዲያ?» አሉ አያ ሀይሉ።

«መተማ ይሂድ። የአደምን አክስት ፈልጎ በገዛ አፉ ይንገራት። ያን ጊዜ እታረቃለሁ።»

«መንገዱ አጋች የሞላበት ነው! ልታስገድይው ነው!» አለች ሰብለ። እውነቷን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰብለ እህቷን አላነጋገረችም፤ ምሥራቅ በአንድ እጇ እያበሰለች ከአስካለ ማርያም ቤት ተጠጋች።

አንዷለም በኅዳር ሄደ። ሁለት ጊዜ ከመኪና አውርደው ደበደቡት፤ ሁለተኛው ላይ ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰበረ። አሥራ ስድስት ቀን ወሬው ጠፋ። ሰብለ ከል ለብሳ ተቀመጠች። ቄስ ዓለምብርሃን በእሑድ ምህላ ላይ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ራሳቸው አሉት፤ «ስለ አፍሪካ አገሮች ሁሉ፣ ስለ ሱዳን፣ በመንገድም ስላለው ልጃችን»። ከሕዝቡ ግማሹ ተቀበለ፤ ግማሹ ዝም አለ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን የአስካለ ማርያም ስልክ ጮኸ።

«እተቴ፣ አገኘኋት» አለ አንዷለም። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነው። «አስተርጓሚ ይዤ ነገርኋት።»

«ምን አለችህ?»

«መታችኝ። ከዚያ ተቀመጠች። ቆየችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ እኔ አላወቅሁም። አፈርሁ።»

«ምን ጠየቀችህ?»

«ፊቱን ወዴት አዙረው ቀበሩት አለችኝ። ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ነው ወይ አለችኝ። እዚህ ከፊቴ ተቀምጣለች፣ እተቴ። መልሱን እየጠበቀች ነው።»

ምሥራቅ ስልኩን ሳትዘጋ ነጠላዋን ጣል አደረገችና የቀበሩትን ልትጠይቅ የቡሬን መንገድ ተያያዘችው። ከበሩ ላይ የልጇን ወሬ ፍለጋ የመጣችው ሰብለ ቆማ ነበር፤ የልጇን ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ሰማች። ጫማም ሳታደርግ ከኋላዋ ተከተለቻት።