የጋሽ ደበላ ምንጭና ባሕር ዛፉ

ቅዳሜ ጠዋት ከአትላስ የተነሳሁት በጆንያ የተጠቀለለ መጥረቢያና ባዶ ጄሪካን ይዤ ነው። የባለቤቴ የብርቄ አጎት ጋሽ ደበላ ከጎሮ ወዲያ ወንዝ ዳር ይኖራሉ። “ባሕር ዛፉ ምንጬን ሊያደርቀው ነው፤ ድረስልኝ” ብለው ደወሉ። በእኛ ሰፈር ውሃ ከጠፋ ሰንብቷልና ብርቄ ጄሪካኑን አስያዘችኝ። “ከምንጩ ሞልተህ ና” አለችኝ።

መገናኛ ላይ የጎሮ ታክሲ ረዳት ጆንያዬን ዳሰሰው።

“ብራዘር፣ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?”

“ከዛፍ ጋር።”

ሳቀና ከወንበሩ ሥር ወሸቀው። ከጎሮ በባጃጅ፣ ከዚያ በጭቃ መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

ጋሽ ደበላ የወንዙ ድልድይ ላይ ተቀበሉኝ። ድሮ አባታቸው ለድንበር የተከሏቸው ጥቂት ዛፎች ነበሩ፤ አሁን ግን ባሕር ዛፉ ወንዙን ግራና ቀኝ ይዞታል። ከሥሩ ሣር እንኳ የለም። ምንጩን ሳየው አዘንኩ፤ ከድንጋዩ ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ለሁለቱ ላሞቻቸው አይበቃም።

“ምንጩ ከደረቀ ላሞቹ ያለቀላቸው ነው” አሉ። “ወንዙ እንደሆነ የከተማውን ቆሻሻ ነው የሚያወርደው።”

ከጎረቤቶቻቸው ጋር ስንቆርጥ ዋልን። በመሃል ጭኮ በእርጎ ቀረበልን፤ ድካሙን አስረሳኝ። ዛፉ ተጋድሞ ሲያልቅ ዶማ አንስቼ ጉቶ መቆፈር ጀመርኩ። ጋሽ ደበላ እጄን ያዙኝ።

“እሱን ተወው።”

“ጋሼ፣ ጉቶው ካልተነቀለ እኮ መልሶ ያቆጠቁጣል። በአንዱ ፋንታ አራት ያበቅላል።”

“እሱማ ጥሩ ነው። ፎቅ ሠሪው ሁሉ አጣና ፍለጋ እዚህ ድረስ ይመጣል።”

“ምንጩስ?”

“ይኸው ቆረጥንለት አይደል?”

ጎረቤቶቹም “እውነታቸውን ነው” አሉ። ደሜ ፈላ። ለዚህ ነው ወገቤ እስኪቆረጥ የዋልኩት? ግን የሚስቴ አጎት ናቸው፤ ምን እላለሁ? ዶማውን አስቀመጥኩ።

ጄሪካኑን ምንጩ ሥር ደቅኜ ብዙ ጠበቅኩ። የተጠራቀመችው ጥቂት ውሃ ነበረች፤ ላሞቹ ሲያዩኝ ጊዜ ለእነሱ ደፋሁላቸው። ጋሽ ደበላ “ባዶ እጅህን አትሄድም” ብለው ሁለት ረጃጅም አጣና አሸከሙኝ። ታክሲ እንደማይጭነኝ ስለማውቅ ወደ ቦሌ ከሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ገባሁ። የጫነው አጣና ነበር።

ብርቄ በሩን ከፍታ አጣናውን ስታይ ፊቷ በራ።

“ለልብስ ማስጫ ስንፈልገው የነበረ! ሌላ ቢጨምሩልንስ?”

“ይጨምራሉ፤ ጉቶው አለ” አልኳት።

የሚጠቅመንን ነገር ጠላት ነው ብንለውም ከሥሩ እንደማንነቅለው ከዚህ ጉዞ ተማርኩ። እየተነጫነጭኩ አጣናዎቹን ግቢ ውስጥ ተክዬ ገመድ ወጠርኩ። የሚሰጣ ልብስ ግን አልነበረም፤ የምናጥብበት ውሃ የለንም።