የባነሩ ሌላኛው እንጨት

ሲይዙኝ የባነሩን አንደኛውን እንጨት ይዤ ነበር። ፖሊሱ ክንዴን ነካ ሲያደርገኝ ጣልኩት። የመታኝም የጎተተኝም የለም፤ እኔው ነኝ የጣልኩት። ጨርቁ እርጥብ አስፋልት ላይ ተነጥፎ ቀረ። ሌላኛውን እንጨት የያዘችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሰልፉ የእኛው የቤት ሠራተኞቹ ነበር። አብዛኞቻችን ለንደን የገባነው ከዓረብ አገር፣ ከአሠሪዎቻችን ሻንጣ ጋር ነው። አሠሪ ሲከፋብን ሌላ ቤት የመቀጠር መብታችን ይመለስልን ነበር የምንለው፤ ሌላ ምንም አላልንም። እኔ ከመጣሁበት ቤት በኩሽና በር ወጥቼ ከጠፋሁ ዓመት አልፎኛል፤ ፓስፖርቴ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። ፓርክ ሮያል የሚባል ሰፈር፣ ሳንድዊች የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዱባ የሚያህል ጥቅል ጎመን ስከትፍ እውል ነበር። ፖሊሱ «ወረቀት አለሽ?» ሲለኝ መዋሸቱ ራሱ ደከመኝ። «የለኝም» አልኩት።

የወሰዱኝ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወዳለ የሴቶች ማቆያ ነው። ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ የማይከፈት መስኮት፣ በመጋረጃ የተሸፈነ ሽንት ቤት አለው። በረኪና በረኪና ይሸታል። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ያለው የፕላስቲክ ስኒ ይንቀጠቀጣል። አንደኛው አልጋ ላይ ፀጉሯ የሸበተ፣ ትንሽዬ ሴት ቁጭ ብላ ሱሪዋን በፍራሹ ሥር ታነጥፋለች፤ ለካ እንዲህ አድርጋ ነው የምትተኩሰው።

«ሀበሻ ነሽ?» አለችኝ በዓረብኛ።

«አዎ። አንቺስ?»

«ፊሊፒን። ኩዌት ሰባት ዓመት።»

«እኔ ሪያድ፣ አራት።»

ሁለታችንም ሳቅን። ዓረብኛችን የኩሽና ዓረብኛ ነው፤ ድስቱን፣ ልጁን፣ ቶሎ በይን እንጂ ሌላውን ብዙ አናውቅም። የጎደለውን በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንሞላዋለን። «አቴ በይኝ» አለችኝ። ፊሊፒኖች ታላቅ እህታቸውን የሚጠሩት እንደዚያ ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው።

ሐሙስ ሐሙስ ጠያቂ ትመጣላታለች። ክላፋም ከሚባል የለንደን ሰፈር ሦስት አውቶብስ ለዋውጣ የምትመጣ፣ ጎልማሳ የአገሯ ሴት ናት። መጀመሪያ ባየኋት ሐሙስ «እህትሽ ናት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ባለቤቴ ናት» አለች አቴ። እንዲሁ፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው።

ምን እላችኋለሁ፣ ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ ቀን ትራሴን አንስቼ ወደ ግርጌ አዞርኩት፣ ፊቴ ወደ እሷ እንዳይሆን። አየችኝ። ሁለት ቀን እንደዚያ ሆንን። በሦስተኛው ጠዋት ሻይ ይዛልኝ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሀበሻ፣» አለችኝ፣ «ጭንቅላትሽን ወደ ቦታው መልሺ። እግርሽ ይሸታል።»

የፋብሪካው ቦቲ የተወልኝ ሽታ ነው፤ ምን ዋሸች! እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ትራሴን መለስኩት።

ከዚያ በኋላ ቀኑን የምንገፋው በፀጉር ነበር። እኔ ካልጋው ጠርዝ እቀመጥና እሷን መሬት አስቀምጬ ሹሩባ እሠራታለሁ። ፀጉሯ እንደ ሐር ክር የሚያሟልጭ ነው፤ ስጨርስ ይፈታል፣ እንደገና እጀምራለሁ። እሷም ታወራለች።

ወጣት ሳለች ማኒላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዘመኑ ወታደር አገሩን የያዘበት ነው፤ ሥራ ማቆም ክልክል ነው። እነሱ ግን አቆሙ። እሷና ሌሎች ሴቶች ወታደር ካምፕ ውስጥ ታሰሩ። ስትፈታ ያስጠለሏት ሴት መነኮሳት ናቸው አለችኝ።

«መነኮሳት ሰልፍ ይወጣሉ?»

«ከፊት ነው እንጂ የሚሄዱት! ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው።»

ከዚያ የሴቶች ማኅበር ውስጥ ገባች። ማኅበሩ ስለ ደሞዝ፣ ስለ መሬት፣ ስለሚደበድብ ባል ይነጋገራል። ስለ እሷ ዓይነት ሴት ግን አይነጋገርም። መጀመሪያ አገሪቱ ነጻ ትውጣ፣ ቀጥሎ ሴቶች፣ የእናንተ ነገር ከዚያ ይደርሳል ይሏታል። «የእኛ ተራ ሁልጊዜ ቀጥሎ ነው» አለችኝ፣ ጥፍሯን እያየች። ዓመታት አልፈው፣ ጥቂት ሴቶች ሆነው፣ በሴቶች ቀን ሰልፍ ላይ የራሳቸውን ባነር ይዘው ወጡ። ባነሩን ከፋብሪካ በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ የሰፋችው እሷ ናት። አንዳንዶቹ እናታቸው እንዳታውቃቸው ፊታቸውን በመሀረብ ሸፍነዋል። አስተባባሪዎቹ ወደ ኋላ ሁኑ አሏቸው፤ ወደ ኋላ ሆኑ፣ ግን ሄዱ። እንደዚያ ያሉ ሰዎች ከሥራም ከቤትም እንዳይባረሩ የሚከላከል ሕግ ደግሞ ከልጅ ልጇ ዕድሜ በላይ የአገሯ ምክር ቤት ውስጥ ተኝቷል አለችኝ።

«ደንብ ነበረን» አለችኝ። «እንጨት የያዘች ሴት ለሌላ ሳታቀብል አትለቅም። ቢደክማት፣ ቢይዟት፣ ሽንቷ ቢመጣ፣ መጀመሪያ ታቀብላለች።»

እጄ ሹሩባው ላይ ቆመ። የእኔን እንጨት ነገር አልነገርኳትም።

ማቆያው ውስጥ አንዲት የአገሬ ሴትዮ ነበሩ፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ቪዛቸው ያለፈባቸው። እማማ እላቸዋለሁ። ኮሪደር ላይ ለብቻ ጎተት አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ከዚያች ሴትዮ ጋር እጅ ለእጅ ይዘሽ አትሂጂ። ሰው ያያል።»

«እማማ፣ ከእርስዎም ጋር እኮ ይዤ እሄዳለሁ።»

«እኔና እሷ አንድ ነን?»

ያየው ግን የአገሬ ሰው አልነበረም፤ ጠባቂዎቹ ናቸው። በማግስቱ ቢሮ ተጠራሁ። ኃላፊው የደከመው፣ ትሑት ሰው ነው። እንግሊዝኛዬ ስለማይበቃ፣ ከእኔ የሚሻሉትን እማማን አስተርጓሚ አድርገው አስቀምጠዋቸዋል።

«ሪፖርቱ ላይ፣» አለ ኃላፊው፣ «ፀጉሯን ስትደባብሺ፣ በእጅሽ ስታበዪያት፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ስትሄዱ ታይታችኋል ይላል።»

እማማ ተረጎሙልኝና የራሳቸውን ጨመሩበት። «ይኸው! ምን ብዬሽ ነበር?»

«ጉርሻ ነው በሉት። ሹሩባ ነው በሉት። በአገራችን ማንም ለማንም ያደርገዋል በሉት።»

አሉት። በእጃቸው ሳይቀር አሳዩት። ሰውየው እስክሪብቶውን እያየ አዳመጠና ወረቀት ገፋልኝ።

«ሳልፈልግ ትነካካኛለች ብለሽ ብትፈርሚ፣ እሷን ሌላ ማቆያ እናዛውራታለን። የአንቺ ፋይል ንጹሕ ይሆናል።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ግንኙነት አላቸው የሚለው እንደተጻፈ ይቆያል። እስከ ምሳ አስቢበት።»

የሚያዛውሯት በባቡር የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚሆን ቦታ ነው። የጥገኝነት ችሎቷ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ያለቻት ምስክር የክላፋሟ ሴት ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ ማለዳ ማለዳ ቢሮ የምታጸዳ፣ አንድ ቀን ብትቀር የምትባረር ናት። እኔ የምፈርመው ወረቀትም ዳኛው ፊት ይቀርባል። በእኔ በኩል ደግሞ፣ እንድፈታ ዋስ ሊሆኑኝ ቃል የገቡ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። እንዲህ ያለ ወሬ ከሰሙ ዋስ አይሆኑኝም። እማማ ከቢሮው ስንወጣ ጆሮዬ ሥር፣ «ፈርሚ ልጄ። ያለሽ አንድ ስም ነው» አሉኝ። እውነትም አዝነውልኝ ነው።

ክፍል ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። አቴ መሳቅ ጀመረች። እስክትስል ሳቀች። እሷን እኮ ጥገኝነት ስትጠይቅ የኢሚግሬሽን ሰዎቹ ባል አግብተሽ፣ ሁለት ልጅ ወልደሽ፣ ሴት እወዳለሁ የምትይውን አናምንም ብለዋታል። ከባለቤቷ ጋር ሃያ ዓመት አብረው መኖራቸውን አላመኑም፤ እኔን በሹሩባ አመኑኝ።

«አንቺ በሁለት ሳምንት አገኘሽው!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ጠበቃዬ ሦስት ዓመት ለፋበት!»

ከዚያ ሳቋ ቆመና «ፈርሚ» አለችኝ። «እኔ ከዚህ የባሰ ቦታ ታስሬያለሁ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሰዎችሽ ያስፈልጉሻል።»

ያኔ ነው የነገርኳት። እንጨቱን እንደጣልኩ፣ ማንም ሳያስገድደኝ። ይቆጣኛል ብዬ የጠበቅኩት ፊቷ አልተቆጣም።

«እኔም ጥያለሁ» አለችኝ። «ከካምፑ እንደወጣሁ ማኅበሩ ውስጥ ስለ እኔ ወሬ ተነሣ። ጠሩኝና እውነት ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልኩ። እንዲያምኑኝ ብዬ በሦስት ወር ባል አገባሁ።» ፍራሹን በእጇ አስተካከለች። «ያ ባል ነው ዛሬ ፋይሌ ውስጥ ምስክር ሆኖ የቆመብኝ።»

ፈርሚ ማለቷን አልደገመችውም፤ አትፈርሚ ብላም አልከለከለችኝም።

ምሳ ሰዓት ሆነ። የላሸቀ ሩዝና ምስር ነው። ኃላፊው መመገቢያው በር ላይ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ተቀበልኩት። በእንግሊዝኛ መጻፍ ስለማልችል በአማርኛ ጻፍኩበት፦ «እህቴ ናት። አልፈርምም።» ገልብጦ አየው፣ እማማን አያቸው። እማማ ሳህናቸውን እያዩ ቀስ ብለው ነገሩት። አንድም ቃል አልጨመሩም፣ አልቀነሱም።

ሄጄ አቴ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሩዙን ከምስሩ ጋር ጠቅለል አድርጌ ወደ አፏ ዘረጋሁ። በአካባቢያችን የፕላስቲክ ማንኪያዎቹ ድምፅ ጠፋ። ጠባቂዋ አየችን፤ ወረቀቷ ላይ አንገቷን ደፍታ መጻፍ ጀመረች። አቴ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች።

«አንድ ብቻ?» አለችኝ። አስተምሬያት ነበር። ደገምኳት።

ጋሼ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ስልክ አላነሱልኝም። ሁለት ወር ተጨማሪ ተቀመጥኩ። አቴ አልተዛወረችም፤ ባለቤቷ ችሎት ቀርባ መሰከረችላት፣ ዳኛው አልተቀበለም፤ ይግባኝ ላይ ግን ተቀበሏት። ለእኔ ዋስ ሆና የመጣችው የክላፋሟ ሴት ናት። ስፈታ ሳሎናቸው ሶፋ ላይ ክረምቱን አሳለፍኩ።

አሁን ሃክኒ ሰፈር አንዲት ክፍል አለችኝ፣ ወረቀትም አለኝ። ያ የጠየቅነው መብት ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ በየዓመቱ ያንኑ ባነር አውጥተን እንተኩሰዋለን። ሲያዩኝ መንገድ የሚሻገሩ የአገሬ ሰዎች አሉ። እማማን አንድ ጊዜ ገበያ አገኘኋቸው፤ አገላብጠው ሳሙኝ፣ ስለዚያ ቀን አላነሡም። እኔም አላነሣሁም።

በዘንድሮው የሴቶች ቀን ሰልፍ ነፋስ ነበር። ባነሩን አንዱን ጫፍ የአቴ ባለቤት፣ ሌላውን እኔ ይዘናል። የአቴ ጉልበት አልቋል፤ መንገድ ዳር በታጣፊ ወንበር ተቀምጣ ታየናለች። ጥቂት እንደሄድን ትከሻዬ ዛለ። የፋብሪካ ትከሻ ነው፣ ብዙ አይችልም። አጠገቤ ወደነበረችው ሴት ዞርኩና እንጨቱን እጇ ላይ አስያዝኳት፤ አጥብቃ መያዟን አይቼ ለቀቅኩ። ከዚያ ወደ አቴ ተመልሼ ጎኗ ያለው የመንገዱ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አቀበልሽው?»

«አቀበልኩት።»

ባነሩ ሳይጎብጥ ሲያልፍ አየነው። እግሬ እየነደደኝ ወደ ጫማዬ ክር ጎንበስ አልኩ።

«እሱን ግን እንዳታወልቂው» አለችኝ።