አባቴ ያልሳበው ክር

ከዚህ ቀሚሴ ጠርዝ የተንጠለጠለችውን ቀይ ክር ያየ ሁሉ ሊስባት እጁን ይሰዳል። አንቺም ሰደድሽ። ነገሩ የሚጀምረው ከውሻችን ነው ብልሽ ትስቂብኝ ይሆናል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ ሰዎች ከታይዋን ገበያ የገዙትን ሱሪ ሲያሳጥርና ሲያጠብ ይውላል። የመኪናው ዘይትና የጋለ ካውያ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲያልፈኝ ዞር እላለሁ። ባለሱቁ ክርና ቁልፍ የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ። ውሻችንን ቢወዱትም አይነኩትም፤ ምራቁ ልብሳቸውን ከነካው ሳያጥቡት አይሰግዱበትም። አጥንት ከሩቅ ይወረውሩለታል፣ እሱም ከሩቅ ጭራውን ይቆላላቸዋል። እንዲህ ተከባብረው ይኖሩ ነበር።

አንድ ቀን፣ ድሬ በሯን ዘግታ በምታሸልብበት ቀትር፣ እኔ መተኛት እንቢ አልኩ። የሞራ ቁራጭ በስፌት ክር አስሬ ውሻውን ሳዘልለው፣ ሞራውን ከነክሩ ዋጠው። ጫፉ ብቻ በአፉ ጥግ ቀረ። ወዲያው ያቅለሸልሸው፣ አንገቱን ይሰብቅ ጀመር። ጩኸቴ አባቴን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው።

ልብስ ሰፊ ደግሞ የተንጠለጠለ ክር አያስችለውም። አባቴ ሰው ሲጨብጥ እንኳ ዓይኑ እጅጌው ላይ ነበር። ተንበርክኮ ክሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመና ሳብ ሲያደርገው ውሻው አቃሰተ።

«ተው አቦ፣ አትሳበው» አሉ ሽማግሌው ከሱቃቸው ወጥተው። «ጨርቅ ስትሸበሽብ ክሩን ትስበው የለ? አንጀቱም እንደዚያ ነው የሚሆነው።»

በልጅነታቸው መልካ ጀብዱ ላይ ፍየላቸው ሲባጎ ውጣ፣ ስበው ሊያወጡላት ሲሉ ሞታባቸዋለች። አባቴ ክሩን ከጣቱ ፈታ። እኔ ያስመልሰዋል ብዬ የጨው ውሃ በጥብጬ ብመጣ፣ ምንም እንዳላቀምሰው ከለከሉኝና ባጃጅ እንድጠራ ላኩኝ።

ባጃጁ ውስጥ የአባቴ እጅ ሳያውቀው ደጋግሞ ወደ ክሩ ይሄድ ነበር። ይህን ያዩት ሽማግሌ መሃል ገብተው ተቀመጡና የውሻውን ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉት። ክሩን በእግሩ እንዳይጎትተው የፊት እግሮቹን ያዙ። ነጩ ሽርጣቸው በለሃጭ ራሰ። በእኔ ጥፋት መሆኑ አንገበገበኝ።

«አባባ፣ ሽርጥዎ» አልኳቸው እያለቀስኩ።

«ውሃ አለ አይደል?» አሉኝ።

የእንስሳት ሐኪሙ ሆዱን ቀዶ ክሩን አወጣው። ሳይሳብ በመምጣቱ ተረፈ አለን። አባቴ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ሳመው። ውሻው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረልን፤ አጥንቱንም እንደ ድሮው ከሩቅ እየተወረወረለት በላ።

አባቴ ግን ተለወጠ። የተንጠለጠለ ክር ሲያይ እጁን ይሰድና ይመልሳል፤ ከዚያ መቀስ ይፈልጋል። ይህን ቀሚስ የሰፋልኝ ታሞ ነው። ሲሰጠኝ ይህቺ ክር ቀርታ ነበር፤ መቀሱ ርቆበት፣ «ነገ እቆርጥልሻለሁ» አለኝ። በማግስቱ አልነቃም።

ትናንት ልጄ ልትስባት ስትል እጇን ያዝኩ። «ተይው» አልኳት፣ «አያትሽ ገና ሥራውን አልጨረሰም።»