ጎማ ውስጥ የተሸጎጠው ጋዜጣ

ጀንበሬ ጅቡቲ፣ ፔካ 12 በሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ ሰፈር ጎሚስታ ነው። ድሮ ሹፌር ነበር፤ እግሩ ከተጎዳ ወዲህ ግን የሌሎችን ጎማ እየለጠፈ ይኖራል። ስሙን ያስጠራው ታዲያ ጎማው ሳይሆን ድምፁ ነው። ከአዲስ አበባ የሚወርዱ ሹፌሮች ጋዜጣ ይዘውለት ይመጣሉ፤ ከምሳ በኋላ ጫታቸውን ይዘው ሸራው ጥላ ሥር ሲያርፉ እሱ ያነብላቸዋል። ሬዲዮ ላይ ቢቀጠር አገር ያዳምጠው ነበር ይላሉ፤ እሱም አይክድም።

አንዲት አመል ግን አለችው። መጀመሪያ ፊት ያያል፣ ከዚያ ጋዜጣ ይመርጣል። በ2001 ክረምት፣ አገር ቤት ዝናብ ጅቡቲ እሳት በሆነበት ሰሞን፣ የጸረ ሽብር አዋጁ ሲወጣ ይቺ አመሉ በደንብ ጠቀመችው። የመንግሥቱ ጋዜጣ «የሕዝብን ሰላም የሚያስጠብቅ» ሲል፣ የግሉ ያንኑ አዋጅ ይዞ «ጸሐፊም አታሚም የሚታሰርበት» ይላል። ጀንበሬ መንግሥትን ለሚደግፍ ያንን፣ ለሚያማ ይህን እያነበበ ከሁሉም ጋር ተስማምቶ ኖረ። ይህንንም እንደ ሙያ ይቆጥረው ነበር።

አንድ ዓርብ ዙለይካ ጋዜጣ ይዛ መጣች። እዚያው ጅቡቲ አምቡሊ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ናት። ወንድሟ ከይረዲን አዲስ አበባ አንድ የግል ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ጽሑፍ ይተይባል። በስልክ ብዙ መናገር ፈርቶ፣ «ጋዜጣችንን በሹፌር ልኬልሻለሁ። አስነብቢና፣ ሥራውን ልተወው ወይስ ልቀጥል ንገሪኝ» ብሏታል።

«ጋሼ፣ ክፉ ነገር አለው እንዴ?» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ጀንበሬ ፊቷን አየ። ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው። ወንድሟ የላከውን ጋዜጣ ገረፍ አድርጎ አየና፣ እንባዋን ስትጠርግ አጣጥፎ የተቀመጠበት ጎማ ውስጥ ሸጎጠው፤ የመንግሥቱን አነሳ። በዚያ ግርማ ባለው ድምፁ፣ «ሰላማዊ ዜጋን የማይነካ» የሚለውን አነበበላት። ካነበበው ውስጥ ከራሱ የጨመረው አንድም ቃል የለም። ዙለይካ የወንድሟ ጋዜጣ የተነበበላት መስሏት እፎይ አለች፤ «ቀጥል» ልትለው ጀንበሬን መርቃ ሄደች። ጀንበሬ ያን ቀን ደግ የሠራ መስሎት ነበር።

ከወራት በኋላ ከይረዲን ራሱ ከአንድ የጭነት መኪና ወረደ። ከስቷል። ዙለይካ ጎሚስታው ጋ ይዛው መጣች፤ እሱም ጀንበሬን ጎንበስ ብሎ ጨበጠው። ጓደኞቹ ሥራቸውን ቀድመው ለቀው እንደነበር፣ እሱ ግን ታስሮ እንደወጣ ነገረው።

«እኔም ልለቅ ነበር» አለ። «የላክሁላትን ጽሑፍ የተየብሁት እኔ ነኝ፤ አደጋውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ዙሌ ያንን ሁሉ ሰምታ ቀጥል ካለችኝ ብዬ ቀረሁ። እርስዎ ነዎት አሉ ያነበቡላት። አላህ ይስጥልኝ።»

ጀንበሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዙለይካ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። የሰማችው ነገር ሌላ እንደነበር ገባት፤ እንደገባትም እሱ አወቀ። ስንቱን ፊት ሲያይ የኖረ ሰው ያን ፊት ማየት አቃተውና አንገቱን ደፋ። አሁን ጉዴን ታወጣዋለች ብሎ ጠበቀ።

«ጋሼ በደንብ አንብበውልኛል» አለች ለወንድሟ። «ያልገባኝ እኔ ነኝ።»

ጀንበሬ «አይደለም» ሊል አፉን ከፈተ። ያ አገር ያዳምጠው ነበር የተባለለት ድምፅ አልወጣ አለው።