ለምርጫ የተተከለው ድንኳን

የምርጫ ቀስቃሽ ሆኜ ሥራ በጀመርኩ ዕለት የተረከብኩት መሣሪያ አንድ የእጅ ድምፅ ማጉያ ነው። ነጻነት ከመጣ ብዙም አልቆየም፤ አስመራ ላይ የየሰፈሩ ምክር ቤት ሊቋቋም ነበር። የእኔ ድርሻ የእዳጋ ሓሙስ ሰፈርን ሰው ወደ መጀመሪያው ዙር፣ ማለትም ወደ ዕጩዎች ማጣሪያ ምርጫ መጥራት ነው። ማኪና ላይ ወጥቼ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ለፈፍኩ። ሰዉ በመስኮት ብቅ እያለ "እወ፣ እንመጣለን!" ሲለኝ ሥራው ቀላል መሰለኝ።

እሑድ የመጡት ሦስቱ ዕጩዎችና ሚስቶቻቸው ብቻ ናቸው። ከሚስቶቹም አንዷ ቀርታለች።

አለቃዬ አቶ ተስፋልደት የሰፈሩ አስተባባሪ ናቸው። "ግማሹ ሰው ካልተገኘ ምርጫው አይጸድቅም። በሚመጣው እሑድ ባዶ ወንበር ካየሁ ሌላ ሥራ ፈልግ" አሉኝ። የእጮኛዬ አባት ልጃቸውን የፈቀዱልኝ "የመንግሥት ሠራተኛ ነው" ተብለው ነውና ሥራው ከሄደ ሠርጉም ይሄዳል።

ቤት ለቤት ዞሬ ለምን እንደቀሩ ብጠይቅ "ፀሐዩ ከባድ ነው፣ መቀመጫም የለም" አሉኝ። ለሁለቱም መላ አገኘሁ። ከእድሩ ትልቁን ድንኳንና አግዳሚዎቹን ተዋስኩ። መራጩ እንዲለያቸው ብዬ የሦስቱን ዕጩዎች ፎቶ በትልቁ አሳጥቤ ፊት ለፊት ሰቀልኩ። በራሴ ኮራሁ።

እሑድ ጠዋት ማጉያውን ሳላነሳ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝም ብለው ይገባሉ። "እንዴት ያለ ጨዋ መራጭ ነው!" አልኩ በልቤ። የሰፈሩ ትልቅ እናት አደይ ለተሚካኤል ግን ፎቶዎቹን ሲያዩ ጮኹ።

"ወይለይ! ሦስቱንም በአንድ ቀን? ማኪና ተገልብጦባቸው ነው?"

ድንኳኑ በለቅሶ ተደበላለቀ። አንደኛው ዕጩ አቶ ሃብቶም በንፉግነታቸው የታወቁ ነበሩ። ውኃ ከልክለዋት የተኳረፈቻቸው ጎረቤታቸው ግን "እጀ ሰፊው! ደጉ!" እያለች ደረቷን ትመታለች።

በዚህ መሐል አቶ ሃብቶም ራሳቸው ከረባት አስረው ከች አሉ። ሰው ሲያለቅስ አይተው፣ ደንብ ነውና አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለውን ሰው "ማን ነው የሞተው?" አሉት። ሰውዬው ቀና ብሎ አያቸውና አግዳሚውን ገልብጦ ሸሸ።

አደይ ለተሚካኤል ከዘራቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። "ወደይ፣ ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ አደይ። ምርጫ ነው።"

ሰዉ እያጉረመረመ ተነሣ። ሥራዬና ሠርጌ አብረውት ሲወጡ ታየኝ። አለቃዬም ያን ጊዜ ደረሱ። ሕዝቡን አይተው "ጎበዝ!" አሉኝ። "ለምንድን ነው ዕንባቸውን የሚጠርጉት?" ሲሉኝ "ከደስታ ነው" አልኳቸው።

ያዳኑኝ አደይ ለተሚካኤል ናቸው። "ተቀመጡ!" አሉ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው። "ድንኳን ገብቶ ወዲያው መውጣት ነውር ነው። አልቅሰናል፤ አሁን መርጠን እንሄዳለን።"

ሁሉም መረጠ። ያሸነፉት አቶ ሃብቶም ናቸው፤ ያን ሁሉ ምስጋና በአደባባይ ያፈሰሰ ሰው ድምፁን ሊነፍጋቸው አፈረ። ሁለቱ ተሸናፊዎች "ለእኛ በደንብ አልተለቀሰልንም" ብለው አቤት አሉ። የእኔም ሥራ ጸና፣ ሠርጉም ተደገሰ።

ከዚያ ወዲህ ለክትባትም ለጽዳትም ሰው ስጠራ ነው የኖርኩት። ሰው መንግሥት ሲጠራው "ሌላው ይሄዳል" ብሎ ይቀመጣል፤ ጎረቤቱ ቢጎድልበት ግን ሳይጠሩት ይመጣል። ስለዚህ አዲስ ቀስቃሽ ማጉያውን ቢሮ ትቶ፣ አንዷን ጎረቤት ልኮ ሌላዋን ያስጠራ።